ማንጎው እስኪቀላ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ካይሮ፣ ከዓባይ ወዲህ ማዶ ካለው ከዶቂ ሰፈር ወደ ሞሃንዲሲን በእግሬ ስሄድ፣ ከአንድ ግቢ አጥር ላይ ያዘነበለ የማንጎ ቅርንጫፍ ትከሻዬን ነካኝ። ሰው እንደማያየኝ አረጋገጥኩና አንድ ቅጠል ቀጥፌ በመዳፌ አሸሁት። ሽታው ሙጫ ሙጫ ይላል፤ ጎምዘዝ ያለ፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ነገር አለው። ወዲያው በረኛው ብቅ አለና "ምን ፈልገሽ ነው፣ ያ ቢንት?" አለኝ፤ አንቺ ልጅ ማለቱ ነው። "ማሌሽ፣ ይቅርታ" ብዬ ቅጠሉን እንደጨበጥኩ መንገዴን ቀጠልኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ቆም ብሎ ያጫውተው ነበር። እኔ ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም። ደግሞስ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? አስፋልቱ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ የሚሄድበት ይኼ ቦታ ቤታችን ነበር ልለው ነው?

ስምንት ዓመት ገደማ ሳለሁ እዚህ አስፋልት አልነበረም። ከቦይ እስከ ቦይ እርሻና የፍራፍሬ ዛፍ ነበር። የፍራፍሬውን ቦታ ሰፈርተኛው ጊነይና ይለዋል፤ እኛም እንደዚያው እንል ነበር። የኛ ጊነይና ባለቤት ሲት ዑልፈት፣ ማለትም እመቤት ዑልፈት፣ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴትዮ ሲሆኑ እሳቸው ከዓባይ ማዶ ካይሮ መሀል ነው የሚኖሩት። አባቴ ቦታውን በዓመት ኪራይ ይዞ ይሠራበታል። ከዛፎቹ መሀል ባለች የጭቃ ቤት እሱ፣ እማና እኔ እንኖር ነበር።

አባቴን አብዬ ነው የምለው። ሰው ሼህ ይመር ይለዋል። ከወሎ ለዲን ትምህርት መጥቶ፣ ዓመታት ቀርቶ፣ ሲጨርስ የሚያስተምርበት ቦታ አጣ። መጀመሪያ በዚያ ጊነይና ዘበኛ ሆኖ ገባ፤ የቦታው ሽማግሌ አትክልተኛ መግረዙንም ውሃ ማጠጣቱንም ካስተማረው በኋላ ሲሞት ሲት ዑልፈት ቦታውን ለአብዬ አከራዩት። እማ ዘይነባም የወሎ ሰው ናት። ከአባቷ ጋር ለሐጅ ወጥታ፣ ከመካ ወደ ካይሮ ተሻግረው ሳለ አባቷ ሲሞቱባት እዚሁ የቀረች ናት። እማ የፈለገችው ነገር ብዙ አልነበረም። "ከእንግዲህ ዕቃዬን ጠቅልዬ ከቤት ቤት አልዞርም" ትል ነበር፤ ሌላ ምኞት ስትመኝ አልሰማኋትም።

በብርዱ ወራት ሥራ ስለሚቀንስ ሁለቱ የዓመቱን ነገር ይማከራሉ። እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። የዚያን ዓመት ምክክር አልረሳውም።

"ዘንድሮ በዛፎቹ መሀል ባቄላ እንዝራ" አለች እማ። "ማንጎው እንኳን ቢያልፈን ባቄላው ይይዘናል።"

"ባቄላ ውሃ ይፈልጋል" አላት አብዬ። "ማንጎ አበባ ሲይዝ ውሃ ካገኘ አበባውን ያራግፋል። ከሁለቱ አንዱን ነው።"

"እንግዲህ አንቱ ያውቃሉ።"

"ማንጎ አንድ ዓመት ሰጥቶ አንድ ዓመት ያርፋል። ባለፈው ዓመት አርፏል። ዘንድሮ የመስጫው ነው።"

ባቄላው ቀረ። ከቤቱ አጠገብ ዳስ ላይ የነበረውንም የወይን ሐረግ አብዬ እስከ ጉቶው ገረዘው፤ ለከርሞ እንዲጠነክር ብሎ ነው። ስለዚህ የዚያ ዓመት ተስፋችን በሙሉ ማንጎው ላይ ተንጠለጠለ። እኔ ዛፍ የሚያርፍ ከሆነ የት ሄዶ ይተኛል እያልኩ አስብ ነበር። ማታ ማታ ቅርንጫፎቹ ዝቅ ብለው መሬት ላይ ጋደም የሚሉ ይመስለኝ ነበር።

አበባው ሊፈነዳ ሲል ሲት ዑልፈት በጋሪ መጡ። ከጋሪው አልወረዱም። አብዬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ።

"ያ ሼህ ይመር" አሉት፣ "ቤት ሠሪዎቹ በሬን ሊሰብሩት ነው። መሬቱን ሽጪልን ይሉኛል። እነዚህን ዛፎች የተከላቸው አባቴ ነው፤ ብሸጣቸው አጥንቱ ይወቅሰኛል። ነገር ግን እኔም መኖር አለብኝ። ያለፈውን ዓመት ታግሼሃለሁ። ዘንድሮ ትልቁ ሙቀት ሳይገባ ኪራዩ እጄ ካልገባ እሸጣለሁ። ኸላስ፣ አበቃ።"

"ኢንሻአላህ ይገባል፣ ያ ሲት።"

እማ ከበሩ ጀርባ ሆና ሰማች። ያን ቀን ቤቱን ሁለት ጊዜ ጠረገችው።

አበባው ፈነዳ። ማንጎ ሲያብብ አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ሮዝም ቢጫም የሆነ ጭራ ይወጣል፤ ሽታው ከሩቅ ማር፣ ከቅርብ ደግሞ የቦካ ነገር ነው። ንብና ዝንብ እኩል ይሰፍሩበታል። አብዬ ንጋት ላይ ከሱብሒ ሶላት በኋላ እጁን ኋላው አጣምሮ በዛፎቹ መሀል ሲዞር ፊቱ ፈክቶ አየው ነበር።

ሐጅ በዩሚ የሚባለው የፍራፍሬ ነጋዴ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ትልቅ ሆድ ያለው፣ ሲስቅ የሚያስል ሰው ነው። የአካባቢው ወግ እንዲህ ነው፤ ፍሬ እስኪደርስ ማንም አይጠብቅም። ነጋዴ አበባውን አይቶ የዓመቱን ፍሬ ዛፉ ላይ እንዳለ ይገዛል፤ ግማሹን ገንዘብ እዚያው ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ነፋስ ቢመጣ፣ ትል ቢገባ፣ ሌባ ቢሰርቅ የገዢው ዕዳ ነው። ጎረቤቶቻችን ሁሉ እንደዚያ ሸጠው ኪራያቸውን ከፍለው ሻያቸውን እየጠጡ ነበር።

አብዬ አልሸጥም አለ።

"ብስለቱ ሳይታይ ፍሬ መሸጥ አይፈቀድልኝም" አለው። "በዲናችን የተከለከለ ነው፤ አንተም ታውቃለህ።"

"አገሩ ሁሉ ይሸጣል፣ ያ ሼህ!"

"አገሩ ሁሉ በየራሱ ይጠየቅበታል።"

"እና እስኪበስል ድረስ ዛፎቹን ምን ልታደርጋቸው ነው? ልታገባቸው ነው?" ብሎ ሳቀ፤ አሳለው። አብዬም ሳቀ። እማ ግን አልሳቀችም።

አርብ አርብ ከአብዬ ጋር አብሮ የተማረው ሼህ እንድሪስ ይመጣል። እሱም ወሎዬ ነው፤ ቀልደኛ፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የራበው። ያን አርብ እማ ምግቡን ሳታቀርብ ፊቱ ቁጭ አለች።

"ሼህ እንድሪስ፣ አንቱ ይንገሩልኝ" አለችው። "ዘዴ የለውም ወይ ይኼ ነገር?"

"ዘዴማ ሞልቷል" አለ። "ይመር፣ ፍሬውን አትሽጥ። ዛፎቹን አከራየው። ስሙ ኪራይ ይሆናል፣ ሰውየው ፍሬውን ይለቅማል፣ አንተም ትተኛለህ።"

"አላህን በጓሮ በር ልዞረው?" አለው አብዬ።

"በፊት ለፊቱ በር መች አስገቡን ብለህ ነው!" አለና ወደ እማ ዞረ። "ዘይነባ፣ እኔ የምችለውን ብያለሁ። ይኼ ሰው ተማሪ ቤትም እንዲሁ ነበር። አንድ መስመር ይይዝና እንደ በቅሎ አልንቀሳቀስም ይላል። በይ ምግቡን አምጪው፤ እንዲያውም የሱን ድርሻ ጨምሪልኝ፣ እሱ በኪታብ ይጠግባል።"

እማ አመጣች። ሲበሉ ግን እሷ አልቀረበችም።

ከዚያ በኋላ ነው አብዬ ሥራ የሰጠኝ። "ከዛፎቹ አንዱ ላይ ብስለት ከታየ የሁሉም መሸጥ ይፈቀዳል" አለኝ። "ያንቺ ዓይን ከኔ ይሻላል። በየጠዋቱ እየዞርሽ እይ። ጉንጩ የቀላ ፍሬ ስታዪ ጥሪኝ።"

ሰው እንደዚያ ዓይነት ሥራ ሰጥቶኝ አያውቅም ነበር። በየጠዋቱ ጤዛው እግሬን እያረጠበው ከዛፍ ዛፍ እሄዳለሁ። አበባው ረግፎ ፍሬው እንደ ሽምብራ ነበር፤ ቀጥሎ እንደ ዶቃ፣ ከዚያ እንደ ርግብ እንቁላል ሆነ። ሁሉም አረንጓዴ ነው። እኔ መቅላቱ የሚመጣው አትኩሬ ካየሁት መስሎኝ ዓይኔን ሳልነቅል ውሃ እስኪያነባ አፈጥበታለሁ። አንዳንዴም በጆሮው "ቶሎ በል፣ እማ ታዝናለች" እለዋለሁ።

በዚያ ወራት ሰው ሁሉ ስለ ኸምሲን ያወራል። ኸምሲን ከበረሃ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ ነው፤ ቃሉ ግን በአረብኛ ሃምሳ ማለት ነው። እኔ ሃምሳ ሰዎች የሚመጡ መስሎኝ ነበር። "ኸምሲን ዘንድሮ ዘገየ" ሲሉ እሰማና ከመንገዱ ጫፍ አቧራ በተነሣ ቁጥር ሮጬ ቤት እገባለሁ።

ቀኑ እየሞቀ ሄደ። የሲት ዑልፈት ቀጠሮ ቀረበ። እማ ያለችንን የነሐስ ሰታቴ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ወጣችና ባዶ እጇን ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላ ወጥ የምንሠራው በትንሿ ድስት ሆነ። አብዬ አየ። 

አንድ ጠዋት ጎሻችን ዓይኗን ታስራ ከምታዞረው የውሃ መሳቢያ፣ ከሳቂያው፣ ጀርባ ያለው ዛፍ ሥር ደረስኩ። ዝቅ ያለው ቅርንጫፍ ላይ አንድ ፍሬ ጉንጩ ቢጫ ሆኗል። ቀረብኩ። ዳር ዳሩ ቀላ ብሏል።  ፍሬውን ቀጠፍኩና ሮጥኩ።

"አብዬ! ቀላ! ቀላ!"

አብዬ ከወይኑ ዳስ ሥር ከሐጅ በዩሚ ጋር ተቀምጦ ነበር። ሐጅ በዩሚ ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅህ ብሎ ነው የመጣው። እማ ሻይ ልታቀርብ ቆማለች። ፍሬውን ለአብዬ ሰጠሁት።

"አልሐምዱሊላህ!" ብሎ ጮኸ ሐጅ በዩሚ። "ልጅቷ ከአንተ ትበልጣለች! ይኸው ቀላ። በል እጅህን አምጣ፤ ጨርሰን እንሂድ።"

እማ የሻዩን ሰሐን እንደያዘች ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። አብዬ ፍሬውን በጣቱ ገልበጥ አደረገው። ከሥሩ በኩል የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ጥቁር ነጥብ ነበረች። ቢላዋውን አውጥቶ ለሁለት ከፈለው። ነጭ ትል ከመሀሉ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

"ይኼ ብስለት አይደለም" አለ አብዬ ቀስ ብሎ። "በሽታ ነው።"

"መልክ መልክ ነው! ኪታቡ ትል አለው ወይ ብሎ ይጠይቃል?"

"ኪታቡ ባይጠይቅም እኔ አይቼዋለሁ።"

እማ ሰሐኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። ሐጅ በዩሚ እንዳይሰማት በአማርኛ ነው የተናገረችው። "ሼሁ፣ ሰውየው አይቶ እየገዛ ነው። በትሉም በነፋሱም እገዛለሁ እያለ ነው። አንቱን ማን ጠበቃው አደረገዎት?"

"ዘይነባ፣ ነፋሱ ነገ ቢመጣ የዚህ ሰው ልጆች ምን ይበላሉ?"

"ይቺስ?" አለች፤ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። "ይቺስ ምን ትበላለች? የት ትተኛለች?"

አብዬ ሁለቱን የማንጎ ግማሾች ገጥሞ መልሶ አንድ ለማድረግ እንደሚፈልግ ሰው በእጁ ጨብጦ ያዛቸው። ሐጅ በዩሚ አማርኛ ባይሰማም ሁሉም ገብቶታል። ተነሣና ልብሱን አራገፈ።

"አላህ ይርዳህ፣ ያ ሼህ። እኔ ከእንግዲህ አልመጣም።"

ትሉን እኔ ያስገባሁት መሰለኝ። በየጠዋቱ በጆሮው ሳወራ፣ ትንፋሼ ያበላሸው መሰለኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ብዙም ሳይቆይ ኸምሲን መጣ። ሃምሳ ሰው እንዳልሆነ ያን ጊዜ አወቅሁ። ከቀትር በኋላ ሰማዩ እንደ ሽሮ ቢጫ ሆነ። ነፋሱ የምድጃ አፍ ሲከፈት ፊት እንደሚመታው ወላፈን ነው፤ አሸዋው ከጥርስ መሀል ይንቋቋል። ጎሽዋ ተኛች። እማ እርጥብ ጨርቅ በመስኮቱ ሽንቁር ጠቀጠቀችና እኔን ከሥሯ አደረገች። ከጣሪያችን በላይ ባለው ቆርቆሮ ላይ ፍሬዎቹ ይወድቃሉ፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። መጀመሪያ አንድ አንድ ይል ነበር፤ በኋላ መለየት አልተቻለም።

አብዬ ውጭ ነበር። ነፋስን ሰው ምን ያደርገዋል? ግን ቤት መግባት አልቻለም። ሲገባ ቅንድቡ ላይ አሸዋ ተጋግሯል፤ ዓይኑ ደም መስሏል። "በቃ" አለ። እማ ውሃ ቀዳችለት። 

በማግስቱ ስንወጣ መሬቱ አረንጓዴ ነበር። የርግብ እንቁላል የሚያህሉ ፍሬዎች፣ የተሰበረ ቅርንጫፍ፣ የተቀጠቀጠ ቅጠል። ያ ሽታ፣ ባለፈው ሳምንት በመዳፌ ያሸሁት ሽታ፣ የዚያ ጠዋት ሽታ ነው። ጊነይናው በሙሉ እሱን እሱን ይሸት ነበር።

እማ ቅርጫት ይዛ መልቀም ጀመረች። የሚለቀመው ከሚጠቅመው በላይ ነው፤ ግን አላቆመችም። በጨው ነክራ ሙኸለል አደረገችው። ወራት ሙሉ ዳቦ በእሱ በላን። እስካሁን ጎምዛዛ ነገር ስቀምስ ምላሴ ያንን ዓመት ያስታውሰኛል።

አልመጣም ያለው ሐጅ በዩሚ መጣ። ሆዱ የቀነሰ መሰለኝ። ከጎረቤቶቻችን የገዛው ሁሉ ነፋሱ ወስዶበታል። እነሱ ግማሹን ገንዘብ ቀድመው ስለተቀበሉ ኪራያቸው አልጎደለባቸውም። ከአብዬ ጎን መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ከጉድ የተረፍኩት ባንተ እንቢታ ነው" አለው። "የአንተንም ገዝቼ ቢሆን ቤቴን እሸጥ ነበር።" ጎንበስ ብሎ የአብዬን ራስ ሳመው። "አላህ ከዚህ የተሻለ ይስጥህ፣ ያ ሼህ። የምሰጥህ ነገር ቢኖረኝ እሰጥህ ነበር፤ ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ታያለህ።"

ሲሄድ እማ "ዱዓውን ለሲት ዑልፈት ወስደን እንክፈላት" አለች። እንደዚያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። አብዬ አንገቱን ደፋ።

የቀጠሮው ቀን ንጹሑን ልብሱን ለብሶ ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። ሲመለስ ታጥቦ ውዱእ አደረገ፣ ሰገደ፣ ከሰገደበት ሳይነሣ ብዙ ቆየ። ሶላቱን ሳይጨርስ እማ ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ጎተተችና ልብስ ማጠፍ ጀመረች። የሣጥኑ መጎተት ድምፅ ነው ነገሩን ለእኔ የነገረኝ።

ከዚያ መሬቱን የገዙት የቤት ሠሪዎች ሰዎች መጡ። ሃምሳ አልነበሩም፤ ሦስት ናቸው። ገመድና ካስማ ይዘው መሬቱን ለኩ። ከመንገዱ በኩል ያሉት ዛፎች ላይ በኖራ ምልክት አደረጉ። እስክንወጣ ድረስ ከሙቀቱ ወራት ጥቂት ሳምንት ፈቀዱልን፤ መጥረቢያው ግን ቶሎ ተጀመረ። ማንጎ ሲቆረጥ እንደ ሌላ ዛፍ አይጮኽም። ሙጫው ስለሚይዘው ቀስ ብሎ ነው የሚያጋድለው።

እኔ የጠዋት ሥራዬን ቀጠልኩ። ተይው ያለኝ ሰው አልነበረም። ሥራው ካለ እኛም የምንኖር ይመስለኝ ነበር። ነፋሱ ያላገኛቸው ጥቂት ፍሬዎች እዚህም እዚያም ተንጠልጥለው አድገዋል፤ በየጠዋቱ አንድ በአንድ አያቸዋለሁ።

ልንሄድ ባለንበት ጠዋት፣ የጋሪው ፈረስ በር ላይ ቆሞ፣ እማ ሣጥኑን እያሳሰረች ሳለ፣ ወደዚያው ከሳቂያው ጀርባ ወዳለው ዛፍ ሄድኩ። ፍሬው ከራሴ በላይ ነበር። ትልቅ ነው። አንዱ ጉንጩ ቢጫ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ጎኑ ደግሞ እንደ ሕፃን ጆሮ ቀይ ሆኗል። ዞሬ ሥሩን አየሁ፤ ነጥብ የለበትም። በሌላ በኩልም አየሁ። የለበትም።

መጥራት ፈራሁ። እንደገና ትል ይኖረው ይሆን ብዬ ብዙ ቆምኩ። ከዚያ ድምፄ ሳይፈቅድልኝ ወጣ።

"አብዬ። ቀላ።"

መጣ። የጠቀለለው ምንጣፍ በብብቱ ነበር፤ አስቀመጠው። እጁን ዘርግቶ ፍሬውን ከሥሩ ደገፈው፤ አልጎተተውም። ጎንበስ አድርጎ አሸተተው። አውራ ጣቱን ቀስ ብሎ ጫን አደረገበት። ከመንገዱ በኩል የመጥረቢያው ድምፅ ይሰማል።

"በስሏል" አለ። "አሁን መሸጥ ይፈቀዳል።"

"ልቁረጠው አብዬ? ለእማ ላሳያት?"

እጁን ከፍሬው ላይ አነሣ። ቅርንጫፉ ትንሽ ተወዛወዘና ቆመ።

"ተይው" አለኝ። "የሰው ነው።"

ምንጣፉን አንሥቶ ወደ ጋሪው ሄደ።